የጉትዬን ልጆች ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም

«መካነ ሰላም ደርሼ መጣሁ» ስል፣ ቢሾፍቱ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ለሱባኤ ነው?» ይለኛል። «ለዶሮ ነው» ስለው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም ስሄድ ባልስቅም ስመለስ ስቄያለሁ። ከናንተ ውስጥ ወደዚያ የሚሄድ ጥቂት ስለሆነ፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ሥራዬ የዶሮ ዘረመል ማንበብ ነው። ከክንፏ ሥር አንዲት ጠብታ ደም ትወሰዳለች፣ ወረቀት ላይ ትደርቃለች፣ ቤተ ሙከራ ገብታ ትነበባለች። የተነበበው የፊደል ሰልፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጥና የትም አገር ያለ ተመራማሪ ከፍቶ ያየዋል። ችግሩ ቋቱን የሞላው የፈረንጅ ዶሮ ነው። የኛ የሐበሻ ዶሮ፣ በሽታውንም ብርዱንም ቀበሮውንም ችላ የኖረችው፣ እዚያ ውስጥ እንደ ድግስ ቤት ባዳ ጥግ ይዛ ነው ያለችው።

ባለፈው ክረምት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ፈንግል ገባ። ፈንግልን የማታውቁ ደስ ይበላችሁ። ማታ ቆጥ ላይ የወጣችው ዶሮ ጠዋት መሬት ላይ ተዘርራ ትገኛለች። ያ ሁሉ ዶሮ ሲያልቅ የአንዲት ዶሮ ልጆች ግን ተረፉ ተባለ። አናቷ ላይ የላባ ጉትያ ስላላት ጉትዬ ይሏታል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሙሉቀን የእሷንም፣ የልጆቿንም፣ በየመንደሩ የደረሰባቸውን ዶሮዎችም ደም እየወሰደ ላከልን። ስናነበው ጉድ ፈላ! ጉትዬ ለልጆቿ ባዳ ናት፤ በደም ጭራሽ አይገናኙም።

አለቃዬ «ልጁ ናሙና አደባልቋል» አለ። «ያንዱን ካደባለቀ የሌላውንም ማመን አይቻልም። ከሱ የመጣው በሙሉ ከቋቱ ይውጣ።» ሙሉቀን በጋውን በእግሩ ተራራ ወጥቶ ወርዶ የሰበሰበው በሙሉ ማለት ነው። ደውዬ ስነግረው «ዶክተር፣ እኔ አላደባለቅሁም» ብቻ አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ «ሄጄ በእጄ ልውሰድና ይለይለት» ብዬ ተነሳሁ።

ያውም ከፋሲካ ማግስት! ዶሮ ለመፈለግ ከዚህ የባሰ ጊዜ ካለ ንገሩኝ።

ሰኞ

እማዬ በሶ ቋጥራ፣ ጋቢዋን ደርባልኝ ሸኘችኝ። እማዬ የወለደችኝ አይደለችም። የወለደችኝ ዳዴ ስል ሞታ፣ ጎረቤታችን የነበረችው እሷ ወስዳ አሳደገችኝ፤ እስካሁንም አንድ ቤት ነን። «ወሎ ብርድ ነው፤ ሰውም እህል ሳያቀምስሽ አይለቅሽም፤ እንቢ አትበይ» አለችኝ። ይቺ «እንቢ አትበይ» ኋላ መከራዬን አሳየችኝ።

ሾፌራችን ጋሽ ድንቁ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሲበዛ ጥንቁቅ ነው። ቆመን በተነሳን ቁጥር መስታወት ይወለውላል፣ ጎማ ይመታል፣ ዘይት ያያል። ሙከ ጡሪ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆመን እኔ ጨርሼ ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ፣ እሱ ገና የፊት መብራቱን በመሐረብ እያሸ ነበር። «ጋሽ ድንቁ፣ ልናገባት ነው እንዴ መኪናዋን?» አልኩት። «ነገር ከሥሩ ነው ዶክተር» አለኝ፣ ቀና ሳይል። እንዲህ እያለ ቀኑን በላው።

የጃማን ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ልክ እንደ ናዝሬት ነበር፤ ዓለም ከተማ ላይ ሽሮ በልተን ወንጪትን ስንሻገር ደግሞ ባሰ። ከወንጪት አቀበቱን ስንወጣ መኪናዋ ፈላች። ለመኪናዋ የምንሰጠው ውሃ የለንም። ስንዴ የጫነ አንድ የጭነት ሾፌር ከኋላችን ደርሶ ቆመና የሚጠጣትን ውሃ ከነጀሪካኗ አውርዶ ሰጠን። «ያንተስ?» ስለው «አብሽሪ፣ ደጎሎ ቅርብ ነው፣ እዚያ ነው የማድረው» አለ። እኛ ዘንድ ቢሆን ጡሩምባ ነፍቶብን ያልፍ ነበር።

ደጎሎ ያደርንበት አልጋ ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። ባለቤቲቱ ይቅርታ ስትል ማምሸቷ ሳያንስ፣ ከራሷ አልጋ ላይ ገፍፋ ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ባና አለበሰችኝ። ባናው ይኮሰኩሳል፣ በግ በግ ይሸታል። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ግን ከተኛሁ ቆይቻለሁ።

ማክሰኞ

ጉጉፍቱ ላይ ጉም ዋጠን። በሰው አገር ደጋ ሲባል እሰማለሁ፤ የኛው ደጋ የጨዋታ ነው ለካ። የእማዬን ጋቢ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጋሽ ድንቁ እዚያ ጉም ውስጥ ወርዶ መስታወት ሲወለውል ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩበት። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቁጣ መንገድ አያሳይም» አለኝ። አቀስታ ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ በማር ሲቀርብልን ታረቅን።

መካነ ሰላም የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሙሉቀን አውቶቡስ ተራው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። ሠላሳ ያልሞላው ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ ጫማው ከዚያ መንገድ ጋር የታገለ መሆኑ ያስታውቃል። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ አልጋ አስያዘኝ፣ እራት አዘዘልኝ፤ ፈገግ ግን አላለም። «ነገ በዓይንዎ ያያሉ» ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ

መኪናው መንገዱ ያለቀበት ቆሞ የቀረውን በእግር ሄድን። ጋሽ ድንቁ ጎማ መትቶ ተከተለን።

የጉትዬ ቤት የመሪጌታ ልሳነ ወርቅ ቤት ነው። መሪጌታ በደብሩ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ባለቤታቸው እማማ አስካለ ደግሞ ቤቱን፣ ተማሪውንና መሪጌታን ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ገና ከደጅ «መርሃባ! ኧረ ግቡ፣ ግቡ! ምነው ብርድ ላይ?» ብለው ጎትተው አስገቡን። የሰላምታው ብዛት! ከብቱ፣ ልጁ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ሳይቀር ደኅንነቱ ተጠየቀ። እኛ ሠፈር «ሰላም ነው?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ነው የምናልፈው።

ጉትዬን አየኋት። አሮጊት ናት፤ ጉትያዋ ዓይኗ ላይ ወድቆ እንደ ቆብ ይጋርዳታል። እየዞረች ምድጃ ሥር ትገባለች፤ የሚቆጣት የለም። እማማ አስካለ እቅፍ አድርገው አመጡልኝ። «ይቺ የቤታችን ሀብት ናት» አሉ። «ያ ፈንግል መጥቶ አገሩን ሲያጸዳው የሷ ልጆች ላባቸው አልረገፈ። የዚህ ሠፈር ዶሮ ሁሉ ከሷ እቅፍ የወጣ ነው።»

ከእርሷም፣ በመሪጌታና በጎረቤት ቤት ካሉት ልጆቿም፣ አንድ በአንድ በገዛ እጄ ደም ወሰድኩ። ሙሉቀን እንዳይነካ ነገርኩት። ያሳፈረው መሰለኝ፤ ግን ይህን ያህል የመጣሁት ለእሱው ነው። አንዱ አውራ ዶሮ የኮቴ እጅጌ ላይ የማይነገር ነገር አደረገብኝ፣ ሌላው ጣቴን ነከሰኝ። እኛ ዘንድ ዶሮ በሺህ እየሆነ ነጭ ለብሶ ነው የሚያድገው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ መልክም ጠባይም አለው። «እነዚህ ሁሉ የጉትዬ ናቸው?» እያልኩ ጠየቅሁ። «የሷ ናቸው እንጂ! ታዲያ ማን አሳደጋቸው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልጠራጠር? እኔም አመንኩ፤ ልጆቿ ከሆኑ ስህተቱ የሱ ሊሆን ነውና ሙሉቀን ተስፋ የቆረጠ መሰለ።

በዚያ መሐል እትዬ ዘውዴ መጡ። ከቤቱ ሥር ካለችው ሸለቆ ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አስካለ እንግዳ ይዛ እሳቸው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። «ነገ ምሳ እኔ ዘንድ ናችሁ፤ ዶሮ ነው የምሠራው» አሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጾም ነው፣ ምን ነው ይባላል። በዓለ ሃምሳ ሆኖ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾም፤ ለሐሙስማ ምን ሰበብ ይገኛል! «አይቸገሩ» ብል «ምን ትላለች ይቺ? እኔ ሰው አይደለሁም?» ብለው ተቆጡኝ። የእማዬን ምክር አስታውሼ እሺ አልኩ።

ሐሙስ

እትዬ ዘውዴ በማለዳ ካደርንበት ከመሪጌታ ቤት መጥተው ጋሽ ድንቁን ወሰዱት። በዚያ አገር ሴት ዶሮ አታርድም፤ ወንድ ከሌላት መንገደኛም ቢሆን ለምና ነው የምታስባርክ። «ወንድ የለኝም፤ ባርክልኝ» ሲሉት ጋሽ ድንቁ ደረቱ ሰፍቶ ተከተላቸው።

እኔና ሙሉቀን ከመሪጌታ ቤት መደብ ላይ ተቀምጠን ወረቀቶቹን ስናስተካክል፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት መጥታ «እማማ፣ ጉትዬን አውሱኝ፤ እንቁላል አጠራቅሜያለሁ» አለቻቸው። እማማ አስካለ ጉትዬን ብድግ አድርገው በነጠላ ጠቅልለው ሰጧት። ድስት የሚያዋሱ ነው የሚመስሉት።

እጄ ቆመ። «የማን እንቁላል ነው የምትታቀፈው?» አልኩ።

«የሷ ዶሮ የጣለችውን ነዋ!»

«የጉትዬ የራሷስ እንቁላል?»

እማማ አስካለ ሳቁ። «አይ ልጄ! ጉትዬ እንቁላል ከተወች ስንት ጊዜዋ! አርጅታለች እኮ። መታቀፍን ግን ማን እንደሷ? አንድ እንቁላል አታበላሽም። የሠፈሩን ሁሉ የምትፈለፍል እሷ ናት። እንቁላሉ የዚያች ቤት፣ እቅፉ የኔ፤ ጫጩቱን እኩል ነው የምንካፈል።»

ሙሉቀን ብድግ አለ፤ ወረቀቱ ተበተነ። እሱም የከተማ ልጅ ነው፤ ጫጩት ከኋላዋ የሚከተላት ዶሮ ሲያይ እናት ብሎ ጻፈ። እኔም ትናንት እዚያው ቆሜ አይቼ ያንኑ ደገምኩ። አላደባለቀም! ምንም አላጠፋም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ከዚያ ግን ዋናው ጥያቄ መጣ።

«ከፈንግሉ የተረፉት፣ እነዚያ ሁሉ፣ እንቁላላቸው ከየት ነበር?»

«ከዘውዴ ነው። አንዲት ገብስማ ዶሮ አለቻት፤» ገብስማ የሚሏት እንደ ተደባለቀ ገብስ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረችዋን ነው፤ «እንቁላል ትጥላለች እንጂ መታቀፍ የማታውቅ፣ ጥላ የምትዞር፣ አንጀት የሌላት ዶሮ። ከጉትዬ እቅፍ የደረሳትን ድርሻ ለፋሲካ ሸጣ ጨርሳለች፤ ከራሷ ዶሮዎች ፈንግሉ የተወላት እሷን ብቻ ነው።»

«እሷን ብቻ?»

እማማ አስካለ አፋቸውን ያዙ። «ወየው ጉዴ! ታዲያ ዛሬ ለናንተ የምታርደው ምኗን ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በክብር ልተርከው አልችልም። ሙሉቀን ቀደመኝ። የእማዬን ጋቢ መሪጌታ ላይ ጥዬ ሸለቆውን ወረድኩ፤ መሐል ላይ ጭቃው አዳልጦኝ በቂጤ ተንሸራትቼ ነው የጨረስኩት። ከኋላዬ መሪጌታ ለቅኔ በሠለጠነ ድምፃቸው «አቶ ድንቁ! እጅህን ሰብስብ!» ይላሉ፤ ሸለቆው ይመልሰዋል። ጋሽ ድንቁ ሁሌ ፍጠን እያልኩ እንደማስቸግረው ዛሬ ፈጥኖ ቢሆንስ? እግዚኦ፣ ዛሬን ብቻ እንደ ልማዱ ያድርገው ብዬ ተሳልኩ።

ስንደርስ ገብስማዋ እግሯን ታስራ መሬት ላይ ተኝታለች። ጋሽ ድንቁ ዞር ብሎ ተቀምጦ፣ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ እያደረገ ቢላዋ ይስላል።

«ምነው? ገና ነው እኮ» አለ፤ «ስለቱ አልያዘልኝም። በዶለዶመ ቢላዋ ማረድ ኃጢአት ነው።»

አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ግራ ገብቶት ቢላዋውን ወዲያ አራቀ።

እትዬ ዘውዴ በርበሬ የያዘ እጃቸውን አንጠልጥለው ወጡ። «ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

«ይቺ ዶሮ አትታረድም፤ ደሟን እንፈልገዋለን» አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ደሟን ከሆነ የምትፈልጊ፣ ይህን ያህል ምን ያሯሩጥሻል? አሁን ሲባርክልኝ ጣሳ ሙሉ እቀዳልሻለሁ!»

ሙሉቀን ሳቀ። ከመጣሁ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እውነታቸውን ነው። ለቋቱ አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ዶሮዋ ወጥ ብትሆን ለንባቡ ምንም አይጎድልበትም። «አዎ፣ ይበቃል» ብል ምሳችን ይደርስ ነበር። አላስቻለኝም። ጭቃዬን ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። የተረፉት ዶሮዎች የጉትዬ ሳይሆኑ የዚህች ልጆች መሆናቸውን፣ ያ ፈንግል ያልነካቸው ከእናታቸው በወረሱት ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ይህን በደሟ አንብበን ለማወቅ እንደምንሞክር፣ እሷ ከታረደች ግን እንዲህ ያለ እንቁላል ከማን እንደሚገኝ እንደማናውቅ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘውዴ ዶሮዋን ቁልቁል አይዋት።

«ይቺ? ይቺ ጥላ የምትዞረው?»

«እሷ።»

«ፈንግሉ ሸጋ ሸጋዎቹን ጨርሶ ይቺን ምናምንቴ ሲተውልኝ፣ ቅጣት ነው ብዬ ስረግማት ነው የከረምኩ» አሉ። በርበሬ ባልነካው ክንዳቸው ዓይናቸውን ጠረጉና እግሯን ፈቱላት። ገብስማዋ ተነሳች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ምንም እንዳልተደረገ ዞራ በርበሬው ወዳለበት ሄደች። «ሂጅ ወዲያ አንቺ ቀበጥ! ምስጋናም አታውቂ!» ሲሏት ሁላችንም ሳቅን። ይዤ ከክንፏ ሥር ጠብታዬን ወሰድኩ፤ ሙሉቀንን «አንተ ጻፍ» አልኩት።

ይህ ሁሉ አልቆ ሌላ ሐዘን መጣ። እትዬ ዘውዴ ማጀት ገብተው ወጡ፣ ገቡ፣ ወጡ። «እንግዳዬን በምን ልሸኝ ነው? አፈር ልብላ! ቁሌቱ ተቁላልቶ ዶሮ የለው!» አሉ። እንቁላል ይጠበስ ቢባል እንቁላሉም የገብስማዋ ነው፤ ማን ይነካዋል? እውነትም አሳዘኑኝ፤ ያን ቀን ያላቸው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷኑ ነበር የሰጡን።

ያን ጊዜ መሪጌታ ጋቢዬን ተከናንበው ደረሱ። ነገሩን ሰሙና ቢላዋውን ተመለከቱ። «ዘውዴ፣ ሽሮ አለሽ?»

«ሽሮማ ምን ጠፍቶ።»

«እንግዲያውስ ቁሌቱ ላይ በትኚው። ዛሬ የሚባረከው ሽሮው ነው።»

ጋሽ ድንቁ ያን ሁሉ የደከመበትን ቢላዋ ለቃሪያ አዋለው። ለዶሮ በተቁላላ ቁሌት፣ በንጥር ቅቤ የተሠራ ሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። እትዬ ዘውዴ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱኝ አንድም ጊዜ እንቢ አላልኩ። ገብስማዋ ከእግራችን ሥር ፍርፋሪ ትለቅማለች።

ዓርብ እና ከዚያ ወዲያ

ስንነሳ እማማ አስካለ ለእማዬ ቅቤ፣ እትዬ ዘውዴ የገብስ ቆሎ ጫኑልን። መንገዱ ያው ነው። ጋሽ ድንቁ በየቆምንበት መስታወቱን ወለወለ፤ አንድ ጊዜም አልተናገርኩትም። ደጎሎ ላይ እንዲያውም መሐረብ ገዛሁለት።

ደሙ ተነበበ። ገብስማዋ የሁሉም እናት ናት። አለቃዬ አንብቦ አንብቦ «እንግዲህ ልጁን ይቅርታ እንጠይቀው» አለ፤ ራሱ ደውሎም ጠየቀው። የሙሉቀን ናሙና አንድም ሳይወጣ ቋቱ ውስጥ ቀረ። አለቃዬ ግን ቀጠለና «ያቺን ጉትያ ያላትን ከዚህ ቤተሰብ ሰርዛት፤ በደም የለችበትም» አለው የመረጃ ሠራተኛውን።

ማታ ለእማዬ ስነግራት፣ የሸለቆው መንሸራተት ላይ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቅቤውን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ «ያቀፈቻቸውንስ?» አለችኝ። «እሷን ምን አደረጋችኋት?»

«ተሰረዘች። በደም አትገናኛቸውማ።»

«እህ» አለችና ቅቤውን ከደነች።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። «እናት» ከሚለው ቦታ አጠገብ አንድ ሌላ ቦታ ከፈትኩና «ያቀፈች» ብዬ ሰየምኩት፤ ጉትዬን እዚያ አገባኋት። አለቃዬ አይቶ «ይሄ ደግሞ ለፈንግሉ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ከእንግዲህ ናሙና የሚወስድ ሁሉ ማን ጣለች፣ ማን አቀፈች ብሎ ሁለቱንም ይጠይቅ፣ እንደኛ እንዳይሳሳት አልኩት። ምክንያቱ እውነት ነው፤ እሱም «ልክ ነው» ብሎ ፈረመበት።

ለእማዬ ግን ሌላውን፣ የኔንና የሷን ምክንያት ነገርኳት።